ከትራስ ሥር እስከ መድረክ፦ በባሕር ዳር ለምትጽፍ ሴት ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ግጥም የምትጽፍ ሴት ማግኘት አይከብድም። የጻፈችውን ጮክ ብላ የምታነብ ማግኘት ነው ከባዱ። ደብተሩ አለ። ትራስ ሥር አለ፣ ከልብስ ሻንጣ ግርጌ አለ፣ ስልክ ውስጥም «የአስቤዛ ዝርዝር» የሚል ስም ተሰጥቶት ተደብቋል። ይህ መመሪያ ለዚያ ደብተር ባለቤት ነው።

ብዙ ሰው ድፍረት ቀድሞ ይመጣል፣ ከዚያ ይጻፋል ብሎ ያስባል። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ድፍረት የሚመጣው ከአድማጭ ነው። አንድ ሰው ሰምቶሽ ሰማይ ካልተደፋብሽ ለሁለተኛው ማንበብ ይቀልሻል። ስለዚህ እርምጃዎቹን የደረደርኳቸው በአድማጭ ብዛት ነው። መጀመሪያ ራስሽ፣ ቀጥሎ አንዲት ጓደኛ፣ ቀጥሎ ጥቂት ሴቶች፣ ከዚያ አዳራሽና አንባቢ። መዝለል ይቻላል፤ ግን አልመክርም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። አሁን፣ በዚህ ሳምንት፣ የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ሰው ካለ ግጥሙ ይቆይ። መጀመሪያ ደህና ቦታ፣ ሐኪም፣ ፖሊስ፣ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ስንኙ የትም አይሄድም።

1. ለራስሽ ጻፊ፣ በደንብም ደብቂው

ስልክ ወይስ ወረቀት? እኔ ወረቀት እላለሁ። ስልክሽን ታናሽ ወንድምሽ ጌም ይጫወትበታል፣ እናትሽ ፎቶ ታይበታለች፣ ባል ካለሽ እሱም ይከፍተዋል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ጽሑፋቸውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጡ ሰዎች የሆኑትን አይተናል። ደብተር ኔትወርክ አይጠይቅም። የግድ ስልክ ከሆነ ደግሞ ማስታወሻው ለብቻው የይለፍ ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩ የልደት ዓመትሽ አይሁን።

መጀመሪያ ግጥም አትጻፊ። ደብዳቤ ጻፊ። መልስ ለማይሰጥሽ ሰው ይሁን፦ ለሞተች አያትሽ፣ ከትምህርት ቤት አስወጥተው ለዳሯት የክፍል ጓደኛሽ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ራስሽ። ቤት መምታት የለም፣ ማሳመር የለም። ለሩብ ሰዓት ያህል እጅሽን ሳታነሺ ጻፊ።

ከዚያ አንድ ቀን አሳድሪውና አንብቢው። ስትጽፊው እጅሽ የከበደበትን ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። አንድ አይጠፋም። ከሥሩ አስምሪበት። ሥራሽ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ የቀረው ወረቀት ለምድጃ ቢሆንም ግድ የለም።

2. ጉዳይሽን አጥብቢው

እዚህ ላይ ቆየት እንበል፣ ምክንያቱም አብዛኛው የሴት መብት ግጥም የሚሞተው እዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ስንኝ ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል?

ሴት ልጅ ተበደለች ኑሮዋ ከበደ፣
መብቷን የሚያከብር ከምድር ላይ ሄደ።

ስህተት የለበትም። ቤት ይመታል፣ ቁጥሩም ሙሉ ነው። ግን የትኛዋ ሴት? የት? ማን በደላት? አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ማንም ግን ወንበሩ ላይ አይቁነጠነጥም። የሚበድለው ወንድም ቢሆን ከሌላው ጋር ሲያጨበጭብ ታዪዋለሽ። እሱን አልነካሽውማ።

አሁን ሐሳቡን ወደ አንድ ቤት አስገቢው። ሳሎን አለ፣ እንግዳ መጥቷል፣ ወንድምሽ ተቀምጧል፣ አንቺ ከጓዳ ማስታጠቢያ ይዘሽ ትወጫለሽ።

እንግዳ ሲመጣ ወንድሜ ተቀምጦ፣
አልፎ ሄደ ቀኔ እጄን ውሃ ልጦ።

መብት የሚል ቃል የለበትም። በደል የሚልም የለበትም። ግን ይህን ወንድምሽ ፊት ማንበብ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈራል። ጥሩ ምልክት ነው። የሚያስፈራው እውነተኛ ሰው ስላለበት ነው።

ጉዳይ ለመፈለግ ሩቅ አትሂጂ። ባጃጅ ተራ ላይ ምን ተባልሽ? እናትሽ ጠላ ጠምቃ የሸጠችበት ብር ማን ኪስ ገባ? ማታ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ስትመለሺ መንገድ የምትቀይሪው የት ጋ ነው? የሐይቁ ዳር መናፈሻ ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች ሴትን አስተናጋጁ «ሰው እየጠበቅሽ ነው?» የሚላት ስንት ጊዜ ነው?

አንድ ከበድ ያለ ምሳሌ ልስጥሽ። ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ወጥተሽ ክብራን ገብርኤል ስትደርሺ ወንዶቹ ወደ ገዳሙ ይወጣሉ፣ ሴቶች አይገቡም። ይህን ርእስ የምትነካ ጸሐፊ ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ገዳሙን መውቀስ ነው። ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ሃይማኖት ይሆናል፣ ያልፈለግሽው ጦርነት ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ስለ ሴቷ የሚያነሳም አይኖርም። ሁለተኛው ከታች የቀረችውን ሴት መጻፍ ነው። ምን ታያለች? ባሏ እስኪመለስ ምን ታስባለች? ጥላ አላት? ልጇ «እማዬ፣ አንቺስ?» ሲላት ምን ትመልሳለች? ማንንም አልሰደብሽም። አንባቢውን ግን አጠገቧ አስቀምጠሽዋል። እኔ ብሆን ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሥርዓቱን ወድዳ የምትቀበል ሴት ብትሆን እንኳ የራሷ ድምፅ አላት፤ እሱንም ጻፊው።

3. ከአያቶችሽ ተማሪ

«ሴት ልጅ አደባባይ ላይ አትናገርም» የሚሉሽ ሰዎች ለቅሶ ቤት ሄደው አያውቁም ማለት ነው። በእኛ አገር ሙሾ የሚያወርዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አልቃሿ ሟችን ታወድሳለች፣ እግረ መንገዷንም ያላስታመመውን ልጅ፣ ያልጠየቀውን ዘመድ ትሸነቁጣለች። ሁሉም ይሰማል። ማንም «ዝም በይ» አይላትም። ወፍጮ ላይ የሚንጎራጎረውም እንደዚያው ነው። አማትን በስም ሳያነሱ ማማት የተቻለው በመጁ ድምፅ ተከልሎ ነው። በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ሲነቅሉ በሚዘፍኑት ውስጥም ስንት ነገር ይባላል።

እንግዲህ የቤት ሥራሽ ይህ ነው። አያትሽን፣ አክስትሽን ወይም የሰፈርሽን እትዬ አስቀምጪና አስዘፍኛቸው። «ልጅ እያሉ ወፍጮ ላይ ምን ይሉ ነበር?» በያቸው። መጀመሪያ «ኧረ ረስቼዋለሁ» ይላሉ። ቡና አፍይላቸው። ይመጣል። ፈቅደው ከሆነ ቅጂው። ሐሳቡን ሳይሆን አካሄዱን ስሪበት፦ ማንን እያናገሩ እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚያሾፉ፣ የት ላይ ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ።

ቅኔውም ቢሆን የወንድ ብቻ አልነበረም። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እዚሁ ጎጃም ውስጥ የቅኔ መምህር ሆነው ወንድ ተማሪዎችን አስተምረዋል። ይህን ስም ያዢው፣ ያስፈልግሻል።

ስለ ቅርፅ ብዙ አልልም። ለጀማሪ የወል ቤት ይበቃል። አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ነው። «እን-ግ-ዳ ሲ-መ-ጣ» ብለሽ በጣትሽ ቁጠሪ። ድምፁ የማይሰማ ሳድስ አይቆጠርም። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው፤ ፈጠን ይላል፣ ለቁጣ ይመቻል። ቤት መምታቱ ካነቀሽ ተይው፣ በስድ ጻፊ።

ሰምና ወርቅ ላይ ግን አንድ ነገር አለኝ። ለእኛ ለሴቶች አደገኛ ስጦታ ነው። ወርቁን ማንም ካላገኘው ተናግረሻል አይባልም። ሰሙ ለመግቢያ በር ይሁንልሽ፣ መደበቂያ አታድርጊው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ለጓደኛሽ አንብቢላትና ወርቁን ትንገርሽ። ካላየችው ሰሙን አሳሺው። አባይን ከውሸታም ጋር የሚያጋጨውን ቅኔ ደግሞ እባክሽ ተይው። ጎጃም ውስጥ ያልተጫወተበት የለም።

4. አንዲት ጆሮ ፈልጊ

የመጀመሪያዋ አድማጭ በጣም የምትወድሽ ሰው መሆን የለባትም። የምትወድሽ «ያምራል!» ብላ ታቅፍሻለች፣ አንቺም ምንም ሳትማሪ ትሄጃለሽ። እናትም ለመጀመሪያ ጊዜ አትሆንም፤ የእናት ፍርሃት ይጋባል። ፍቅረኛም አይሁን፣ ስለ እሱ ይመስለዋል። ምስጢር የምትጠብቅ፣ ትንሽ ጨከን የምትል ጓደኛ ትሻላለች።

ወረቀቱን አትስጫት። አንቺ አንብቢላት። ስትጨርሺ «እንዴት ነው?» አትበያት። «ምን ሰማሽ?» በያት። የሰማችውን በራሷ ቃል ስትነግርሽ፣ አንቺ ልትዪ ከፈለግሽው ጋር የት ላይ እንደተለያየ ታያለሽ። እርማቱ እዚያ ላይ ነው።

5. የቡና ክበብ

ከሦስት እስከ አምስት ሴቶች ይበቃሉ። ስም አትስጡት፣ ሊቀመንበር አትምረጡ፣ ቲሸርት አታሳትሙ። ማኅበር ሲሆን ስብሰባ ይበዛል፣ ግጥም ያንሳል። አንድ ሰው ቤት፣ ሰፈሩ ካልተመቸ ሐይቁ ዳር ወይም ግቢ ውስጥ ሳር ላይ ይሁን። በጊዜ ጀምሩ። ሳይመሽ መበተን ግዴታ ነው፤ ባጃጅ ሲጠፋና መንገዱ ሲያስጠላ ማንም ስለ ግጥም አያስብም። የአንዷ ቤተሰብ «የት ነበርሽ?» ብሎ ከተቆጣ ክበቡ ያን ቀን ያበቃል።

ቡናው ራሱ ሥርዓት ይሰጣችኋል። በአቦል አንባቢዋ ታነባለች፣ ሌላው ዝም። በቶና እያንዳንዷ የሰማችውን ትናገራለች፣ አንባቢዋ መልስ አትሰጥም። ይሄ ከባድ ነው፣ አፍሽን ይበላሻል፤ ግን አትመልሺ። በበረካ አንባቢዋ አንድ ስንኝ እዚያው ላይ አስተካክላ ደግማ ታነባለች። ከዚህ ሌላ ሁለት ሕግ ብቻ ያስፈልጋል። እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል። ደግሞም ግጥሙ ውስጥ ያለችው «እኔ» የግድ አንባቢዋ አይደለችም። «እና ከዚያ ምን አደረገሽ?» ተብሎ አይጠየቅም። ራሷ መናገር ከፈለገች ትናገራለች።

6. ድምፅሽን አሠልጥኚ

ጠዋት ሐይቁ ዳር ነፋስ ሲኖር ሂጂና ጮክ ብለሽ አንብቢ። ነፋሱ ስለሚወስደው ማንም አይሰማሽም፤ አንቺ ግን ከሆድሽ እንድታወጪው ያስገድድሻል። ዓሣ አጥማጆቹ ዞር ብለው ቢያዩሽም ይለምዱሻል።

ለመድረክ ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ ገልብጪው። ባዶ ወረቀት የእጅሽን መንቀጥቀጥ ለአዳራሹ ሁሉ ያሳብቃል። ፊደሉን ትልቅ አድርጊው። በሐረጉ መካከል ትንሽ ትንፋሽ፣ በስንኙ መጨረሻ ሙሉ ትንፋሽ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች በቃልሽ ያዢ፣ እነሱን ስትዪ ቀና በይ። ዕንባ ከመጣ አትታገዪው፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ቁሚ፣ ውሃ ጠጪ፣ ካቆምሽበት ቀጥዪ። ታዳሚው ይጠብቃል።

7. መድረክ

ባሕር ዳር ለዚህ አትታማም። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፣ በየካፌው አልፎ አልፎ የሚዘጋጁ የሥነ ጽሑፍ ምሽቶች አሉ። መጀመሪያ ታዳሚ ሆነሽ ሂጂ። ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ፣ ሴት አንባቢ ስትወጣ አዳራሹ እንዴት እንደሚሆን እዪ። ከዚያ አዘጋጁን አናግሪ፦ «አንድ ግጥም አለኝ፣ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል።» አጭር ስለሆነ እምቢ ለማለት አይመችም።

የካቲት 29 የሴቶች ቀን ነው፤ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 ደግሞ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመቃወም የሚታሰቡት 16 ቀናት ናቸው። በእነዚህ ጊዜያት መድረክ በቀላሉ ይገኛል። ተጠቀሚበት። ግን ተጠንቀቂ፣ የሚጠሩሽ ብዙ ጊዜ «ስለ እናት አንድ ነገር በይልን» ብለው ነው። እናትን ማወደስ ማንንም አያስቀይምም። የእጅ ውሃውን ግጥም ይዘሽ ሂጂ። በሌላውም ወር ጠይቂ፣ ግንቦት ላይም ሴት ነን።

ጓደኞችሽን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጫቸው። አንደኛው ረድፍ ለክብር እንግዶች ነው፣ ፊታቸው ላይ ምንም ስሜት አይታይሽም።

8. ከግጥም ወደ መጣጥፍ

ግጥም ያስደነግጣል። መጣጥፍ ደግሞ «ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለው መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ መረጃ ያስፈልግሻል። ስሜት ብቻ ይዘሽ ከወጣሽ «አንቺ ተበሳጭተሽ ነው» ይሉሻል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

ሦስት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ሕግ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ስለ ሴቶች መብት ነው፣ ከጎጂ ልማድ መጠበቅንም ይጨምራል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይመለከታል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጓል፤ በክልላችን የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ተመልከቺ። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ሌላም ቁጥር አለ፣ ይሄኛው ያማል። ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። ይህን ካየሽ በኋላ «ወንዶች ሆይ!» ብለሽ የምትጀምሪውን መግቢያ ትሰርዢዋለሽ። አንባቢሽ እናትሽም ናት። እሷን ሳታሳፍሪ፣ ለምን እንዲህ እንዳሰበች እየጠየቅሽ ጻፊ።

ሦስተኛ፣ አንድ የምትጠይቂው ነገር። «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይኑረው» ጥያቄ አይደለም። «ከወደቡ እስከ ሰፈራችን ያለው መንገድ መብራት ይገባለት» ጥያቄ ነው። «ልጅቷ ስትዳር ርእሰ መምህሩ ለምን ዝም አሉ?» ጥያቄ ነው።

9. ከመለጠፍሽ በፊት

የሌላ ሴት ታሪክ ከሆነ አስፈቅጂያት። ጽሑፉን አንብቢላት። ሰፈር፣ ሥራ፣ የልጆች ቁጥር ቀይሪ። ባሕር ዳር ትልቅ ትመስላለች እንጂ በሦስት ሰው ዙር ሁሉም ይተዋወቃል። ፈቅዳ ኋላ ሐሳቧን ብትለውጥ አውርጂው፣ ለምን አትበያት።

በደል ያደረሰውን ሰው በስም መጥራት ካማረሽ መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ አማክሪ። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጋችን ያስጠይቃል፣ በኢንተርኔት የተደረገ ሲሆን ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አለ። ያው አዋጅ ግን ለአንቺም ይሠራል። በመልእክት የሚያስፈራራሽን ሰው ከማገድሽ በፊት ስክሪንሾት አንሺ፣ ቀኑና የገጹ ስም ይታይ። ለምታምኛት ሰውም ላኪላት።

የብዕር ስም ነውር አይደለም። ከመረጥሽ ግን በትክክል አድርጊው፦ አዲስ ገጽ፣ ከስልክ ቁጥርሽና ከፎቶሽ የራቀ። የጻፍሽው ደግሞ ያንቺ ነው። በአዋጅ 410/1996 የቅጂ መብት ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልግም፣ ዘመኑም ዕድሜሽን ሙሉና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ነው። ግጥምሽን ስምሽን ቆርጦ የሚለጥፍ ሲመጣ ይህን በጨዋ ቋንቋ ጻፊለት። ቀኑ የተጻፈበትን ደብተርም አትጣዪ።

10. ሲመልሱልሽ

ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣል። «ባል ያጣች» የሚለውን አትመልሺለት፣ ጊዜ ነው የሚበላሽ። «አንቺ ግን ከሌሎቹ ሴቶች ትለያለሽ» የሚለው ማሞገስ ስለሚመስል ከስድቡ ይበልጥ ያታልላል፤ «ከማን?» ብለሽ ጠይቂው።

ሦስተኛው «ይሄ የፈረንጅ ሐሳብ ነው» ይላል። ይህን ወደ ሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ወደ ቆራጣ ላኪው። እ.ኤ.አ. በ1642 ያረፈችው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለው እዚያ ነው። ባሏ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሥልጣን ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል እሷ ባሏን ትታ መነኮሰች፣ ንጉሡን በአደባባይ ተቃወመች፣ ተከሰሰች፣ ተጋዘች። ከዚያም በጣና ዙሪያ የተከተሏትን ሰብስባ ማኅበር መሠረተች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጻፈው። የተቃወመችው ደግሞ ከፈረንጅ የመጣውን ነበር። እሷ የታገለችው ለሃይማኖቷ ነው፣ የዛሬ ፌሚኒስት አናድርጋት። ግን «የእኛ አገር ሴት ዝም ትላለች» የሚለውን ተረት ብቻዋን ታፈርሰዋለች።

ቤተሰብ ሲሰማ የተለየ ነው። አባትሽ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ካንቺ ቢሰማ ይሻላል። ከማንበብሽ በፊት ባለው ቀን፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ «አባዬ፣ ነገ አንድ ግጥም አነባለሁ፣ እጅ ስለማስታጠብ ነው» በያቸው። ፈቃድ አትጠይቂ፣ አሳውቂ። ምናልባት ዝም ይላሉ። ዝምታው እምቢታ አይደለም፤ እያሰቡበት ነው። ወንድምሽም ክፍሉ ውስጥ ካለ ይስማ። ማስታጠቢያውን ያን ማታ ማን እንደሚያነሳ እዪና ለክበቡ ንገሪያቸው፤ የሚቀጥለው ቡና ማን ቤት እንደሆነም ሳትወስኑ አትበተኑ። ስኳሩን ተካፈሉ፣ ተወዷል።